ሁለተኛዋ ሐና

በልደትና ሞት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከሦስተኛው መስኮት ጀርባ፣ አንዲት ሴት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጣለች። ባልደረቦቿ «እትዬ ማኅተም» ይሏታል። ማኅተም ስትመታ የራሷ ሥርዓት አላት፤ መጀመሪያ እፍ ትልበታለች፣ ወረቀቱን በመዳፏ ታቃናለች፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ታሳርፈዋለች። ደግማ ከምትመታ ጣቷ ቢቆረጥ ትመርጣለች ብለው ያሟታል። ትክክለኛ ስሟ ሐና ነው። ነው ሲባል ግን ጉዳዩ ትንሽ ጣጣ አለበት፤ ስሙ የማን እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ መዝጋቢዋ እያልን እንቆይ።

መዝጋቢዋ ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ መጠየቅ ትወዳለች። አባት የሕፃኑን ስም ሲነግራት ብዕሯን ታቆምና «ማን አወጣው? ምን ማለት ነው?» ትላለች። አንዳንዱ ደስ ብሎት ያወራላታል። አንዳንዱ «እትዬ፣ ሰልፍ አለ እኮ» ይላታል። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። የሰማችውን በምሳ ሰዓት ሰማያዊ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ደብተሩ ውስጥ ከጠላት ጋር በተጣሉ ዕለት የወጣ ስም አለ፣ ከጎረቤት ጋር በታረቁ ዕለት የወጣ ስም አለ፣ አባት ሞቅ ብሎት መጥቶ ያስመዘገበውና እናት በማግስቱ ልታስቀይረው እያለቀሰች የመጣችበት ስምም አለ።

ከሁሉ ገጽ የወፈረው የሐና ነው። ልጃቸውን ሐና ሊሉ የመጡ ወላጆች ከዚያች መስኮት በቶሎ አይነሱም። «ከዕብራይስጥ ነው» ትላቸዋለች። «ጸጋ ማለት ነው፣ ሞገስ ማለት ነው። ሦስት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው። በየአገሩ አና ይሉታል፣ አን ይሉታል፤ ስሙ ግን አንድ ነው።» አጭር ስለሆነ ሰነፍ ተማሪ እንኳ በሁለት ፊደል ይገላገለዋል፤ እናትም ከጓሮ ስትጣራ ትንፋሽ አይቆርጣትም። ቀጥሎ የመጽሐፉን ሐናዎች ትቆጥርላቸዋለች። አንዷ የእመቤታችን እናት ናት፤ አንዷ በመቅደስ ስትጠብቅ ያረጀችው መበለት ናት። ከሁሉ ቀዳሚዋ ግን ልጅ አጥታ ስትለምን ከንፈሯ ብቻ ስለተንቀሳቀሰ ካህኑ ሰክራለች ብሎ የተቆጣት ናት። ያቺ ሴት ለምና ያገኘችውን ልጅ ለመቅደስ ሰጠችው፤ በየዓመቱም ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወስድለት ነበር።

እዚህ ቦታ ላይ መዝጋቢዋ ሁልጊዜ ትቆማለች። የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና አንድ ነገር ይከነክናታል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚታይ ልጅ ልብስ እንዴት ይለካል? ምን ያህል እንደረዘመ በምን አወቀችው? ወላጆቹ እየሳቁ «እናት አይደለችም እንዴ፣ ታውቀዋለች» ይሏታል። እሷ አትስቅም። የሌለ ልጅ ልብስ እናት እንዴት እንደምትለካ በገዛ ገላዋ ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር፣ እናቷ ልብስ ሰፊ። ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። የፊተኛው ክፍል በመስኮቱ በኩል የአባት ጠረጴዛ፣ በበሩ በኩል የእናት የስፌት መኪና ነበረበት። ግድግዳው ላይ ለጥገና የመጡ ሰዓቶች ተሰቅለው እያንዳንዱ የየራሱን ይቆጥራል፤ በዚያ ቤት ሰዓት ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ጠብ መጫር ነበር። ባልና ሚስቱ በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ሐና ተባለች። አባት በሳምንቱ ልብሱን ቀይሮ ሄደና የልደት ወረቀት አወጣላት፤ ወረቀቱንም የሰዓት መሣሪያዎቹን በሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አኖረው።

ሐና ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ሞተች።

የሞት ወረቀት ያወጣላት የለም። ለዚያ ማን አንጀት አለው። ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ የመጀመሪያዋ ስትቀበር ሁለተኛዋ በእናቷ ሆድ ነበረች፣ እናት ግን አላወቀችም ነበር። ስትወልድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። የአባት እህት ሕፃኗን ጠቅልላ ይዛ «ምን እንበላት?» ብትል መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አባት መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ወረቀት አወጣ።

«ሐና እንበላት» አለ። «ወረቀቱ አለ፣ ስሙ አለ፣ እሷም ሴት ናት። ቀፎው ደህና ከሆነ ሞተሩን መቀየር ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ ከሞተ ሰዓት ደህናውን ዕቃ እያወጣ ለሕያው ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ሐዘን ሲመታውም የሚያውቀውን አደረገ። አክስትም «ደግ አሰብክ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብላ አጸናችው። ለሕፃኗ ምዝገባ የሄደ የለም። ጡት እየጠባች ሳለች በወረቀት ሦስት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው። ትምህርት ቤት የገባችው በወረቀቱ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ በእሷ በአራት ዓመቷ ነው። አባት «ትንሽ ትቆይ» ብሎ ነበር። እናት ግን «ሰባት ሞልቷታል» ብላ ድርቅ አለች። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም። የክፍሉ ልጆች የወተት ጥርሳቸውን እየነቀሉ ጣሪያ ላይ ሲወረውሩ የእሷ ንቅንቅ አይልም። መምህሯ አፏን አስከፍታ ካየቻት በኋላ «ይህች ልጅ ጥርሷ ሰነፍ ነው» ብላ አለፈችው። «ጥርሰ ሰነፍ» የሚለው ቅጽል እስከ ስድስተኛ ክፍል አልተላቀቃትም።

ልብሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እናቷ በሰፈሩ የታወቀች ሰፊ ነበረች፤ የሰው ልጅ ሲለብስላት ልክክ ነው። የገዛ ልጇ ቀሚስ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ይጎተታል፣ እጅጌው ሦስት ጊዜ ይታጠፋል። ሌላውን ሰው ሁሉ በሜትር እየለካች የምትቆርጠው ሴት ልጇን ለክታ አታውቅም፤ በሐሳቧ ገምታ ትቆርጥላት ነበር። ሰዎች «ልጅ ያድጋል፣ ብልህ ናት» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን፣ ሆዷ ነገር የማያሳድረው አክስት የተንዘላዘለ ቀሚሷን አይታ አላስችል አላት።

«እናትሽ እኮ አንቺን አይደለም የምትለካው» አለቻት። ከዚያ የቀረውን ነገረቻት። ስትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጊዜው አልፎ ነበር።

ልጅቱ ለማንም አልተናገረችም። የሆዷን በሆዷ ይዛ አደገች። ትምህርቷን በአሥራ አምስት ዓመቷ ስትጨርስ እናቷ ለጎረቤት «አሥራ ስምንት ሞላት» አለች። አገባች፣ ፈታች፣ ልጅ አልወለደችም። ሥራ ስትፈልግ የልደት ምዝገባ ቢሮ መግባቷን ዘመዶቿ እንደ ዕድል አዩት። እሷ ግን አስባበት ነው፤ ሰው ሁሉ የራሱን ቀን ይዞ የሚወጣበት ቦታ እሱ ስለሆነ ነው።

የጡረታ ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት መጣ። «ዕድሜዎ ስድሳ ዓመት ስለሞላ» ይላል። በአራተኛው መስኮት ያለው ባልደረባዋ ነው ያመጣላት፤ መላጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አንድ ቅጽ ሲሞላ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ያዛጋልና «ቀስ በቀስ» ተብሏል። ቅጽሉን አይጠላውም፤ «እንቁላልም በእግሩ የሄደው እንደዚያ ነው» ይላል።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት ልበል ወይስ ነፍስ ይማር?» አላት።

«እስኪ ቆይ፣ ማንኛችን እንደሆንን ይጣራ» አለችው። አልገባውም፤ እሷም አላብራራችለትም።

ስድሳ የሞላው ወረቀቱ ነው። እሷ ሃምሳ ሰባት ነች። ቀሪው ሦስት ዓመት ሥራ አላማራትም፤ ወገቧና ወንበሩ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ያማራት ሌላ ነው። አንቺም በዚህ ቀን ተወልደሻል የሚል፣ በእናቷ አፍ የተነገረ፣ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ፈለገች። ለስንት ሺህ የሰው ልጅ ጽፋለች፤ ለራሷ የላትም። በየዓመቱ ልደቷ የሚባለው ቀን የእህቷ ነው፤ ያን ቀን እናቷ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ትሸፍንና ከሰው ጋር ሳትነጋገር ትውላለች።

መመሪያው ቀላል ነው። የመጀመሪያዋን ሞት ማስመዝገብ፣ ቀጥሎ የሁለተኛዋን ልደት ማስመዝገብ። በሕይወት ያለ ወላጅ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል፣ ይፈርማል፣ አለቀ። አባት ሞቷል፣ አክስት ሞታለች። የቀረችው እናት ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው።

ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ እናቷ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አሮጌ ኮት ትተረትር ነበር። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መስፋት ትታለች፤ ለመስፋት ዓይን ይጠይቃል፣ ለመተርተር ጣት ይበቃል ትላለች። በቤቱ ውስጥ ያልተተረተረ ልብስ ከቀረ ጎረቤት ያመጣላታል።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ቢሮ ብትመጪልኝ ብዬ ነበር።»

«እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«ሁለት ልጅ እንደወለድሽ እንድትናገሪልኝ።»

እናቷ መተርተሩን አላቆመችም። «ሁለት ልጅ አልወለድኩም» አለች። «ያለችኝ አንድ ሐና ናት።»

«የሞተችውስ?»

ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። «በልተሻል?» አለች።

መዝጋቢዋ ክፍሏ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ አንድ ነገር ስትጠረጥር ኖራለች፤ አሁን ግን አየችው። እናቷ የመጀመሪያዋን ልጅ አልቀበረቻትም። በወረቀቱ ውስጥ አስገብታ ስታሳድጋት ኖራለች። ትምህርት ቤት የገባችው ያቺ ናት፣ ያደገችው ያቺ ናት፣ ደሞዝ የበላችው ያቺ ናት፤ ሁለተኛዋ ወረቀቱን ተሸክማ የምትሄድ ናት።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ነገሩ ፈነዳ። እናቷ ማንኪያዋን እንደያዘች ወደ በሩ እያየች ፈገግ አለች።

«ስድሳ ሞላት በይኛ» አለች። «ስድሳ። እዚህ ትደርሳለች ብሎ ማን አሰበ።»

መዝጋቢዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «እማዬ፣ እሷ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ስድሳ ዓመት አልኖረችም። የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ሃምሳ ሰባት።»

ከአፏ እንደወጣ ብትመልሰው በወደደች። እናቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ሦስት ቀን አልተናገረችም። ሦስት ቀን መተርተሪያዋንም አልነካችም። መዝጋቢዋ ሻይ ስታቀርብላት «ይቅር በይኝ» ትላለች፤ እናቷ ሻዩን ትጠጣለች፣ ብርጭቆውን ትመልሳለች። «የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ልብ ለአንድ መስመር ብዬ ሰበርኩ፤ ምን ያለሁ ጨካኝ ነኝ» እያለች ስትብሰለሰል ነበር ሥራ የምትውለው። አንድ ወረቀት ላይም ማኅተም ደግማ መታች። ቀስ በቀስ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቷን ደህና ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ቢሮሽ ሩቅ ነው?» አለች።

በታክሲ ሄዱ። እናቷ ቢሮውን በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን ረግጣው አታውቅም። ደረጃውን በየሦስቱ እያረፈች ወጣች። መዝጋቢዋ በጓዳ በር ልታስገባት ስትል እናቷ እንቢ አለች፤ እንደ ሰው ቁጥር ይዤ እጠብቃለሁ አለች። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናት ዙሪያውን ስትቃኝ ቆየችና «መጋረጃው ተዛንፏል፤ የሰፋው ሰው እጁ አይባረክ» አለች። ከሦስት ቀን በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ረጅም ንግግር ይህ ነበር።

ሠራተኛ የራሱን ጉዳይ አይመዘግብም፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ሲደርስ የተጠሩት ወደ አራተኛው መስኮት ነው። መዝጋቢዋ በደንበኛ ወንበር ስትቀመጥ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ መስታወቱ ከዚህ በኩል ሲታይ በሰው ትንፋሽ ደብዝዟል። ቀስ በቀስ ሁለት ቅጾች አስተካክሎ አስቀመጠና ከአክብሮት የተነሳ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«እናቴ፣ እንዳይቸኩሉ። እዚህ የሚቸኩል የለም» አላት። «መጀመሪያ የሟች ስም?»

«ሐና።» ከዚያ ሳይጠየቅ ቀጠለች። «ሐና ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ይሄን ግን እኔ ነኝ ያወጣሁት። አራት ዓመት ልጅ አጣሁ። አማቴ በሄድኩበት ደረቅ እንጨት ትለኝ ነበር። መኪናውን እየረገጥኩ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ እለምን ነበር፤ ደንበኞቼ ስፌት የምቆጥር ይመስላቸዋል። ሴት ከሰጠኸኝ ሐና እላታለሁ አልኩት። ሰጠኝ።»

ቀስ በቀስ ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጣት። ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

መዝጋቢዋ አንገቷን ደፋች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ጸጋ ማለት ነው ስትል ኖራለች። ይህ ጸጋ ለማን እንደተሰጠ ግን ዛሬ ሰማች። የተለመነችው ያቺ ናት። እሷን የለመናት የለም፤ ሳትጠራ የመጣች ናት። በእናቷ ግን ልትፈርድ አልቻለችም።

«ያረፈችበት ምክንያት?» አለ ቀስ በቀስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትኩሳት። ረቡዕ ጀመራት። የሰው የሰርግ ቀሚስ ይዤ ነበር፣ ሰርጉ ቅዳሜ ነው፣ የቀረኝ እጅጌው ብቻ ነው። አባቷ ወደ ሐኪም እንውሰዳት ሲለኝ እጅጌው ይለቅልኝ አልኩት። ሐሙስም እጅጌው አልኩት።» እናቷ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «አርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አለፈች። ቀሚሱን ቅዳሜ አስረከብኩ። ሙሽራይቱ አምሮባት ነበር።»

ይህን አክስትም አታውቀውም ነበር። አባት ይዞት ተቀብሯል። መዝጋቢዋ የእናቷን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እናቷ ግን ብዕሩን እየጠየቀች ነበር። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ሳትሳሳት ተናገረች። ዕለቱ ዝናባማ እንደነበረ፣ ልጅቱ ቢጫ ሹራብ ለብሳ እንደነበረ ነገረችው። ፈረመች። ቀስ በቀስ ማኅተሙን ሲያሳርፍ እናቷ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ትከሻዋ ወረደ። እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ በመሐረቧ ጫፍ አበሰችው።

«አሁን ደግሞ የእትዬን» አለ ሁለተኛውን ቅጽ እየሳበ። «ስም?»

እናት ወደ ጎን ዞራ ልጇን አየቻት። ሽበቷን፣ መነጽሯን፣ የመነጽሩን ገመድ፣ አንድ በአንድ ስታያት ቆየች።

«ሌላ አላሰብንላትም ነበር» አለች በቀስታ። «ያው ሐና በለው።»

እንግዲህ ሐና ናት። ቀስ በቀስ ጻፈው።

«የተወለደችበት ቀን?»

እናት «ክረምት ነበር…» አለች። «አይ፣ ዝናቡ ለእሷ ቀብር ነው የዘነበው።» ግንባሯን አሸች። «ከበጋው ወዲህ ይመስለኛል። ወይስ ወዲያ? ዓመቱንስ ነገርኩህ አይደል፣ እሷ በሞተች በስምንት ወሯ ነው። ቀኑን…» ወደ ሐና ዞረች። «አንቺ ታውቂው የለ?»

«እኔ እንዴት ልወቀው እማዬ። እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«አልነበርኩም ልጄ» አለች እናቷ። «ወለድሽ አሉኝ እንጂ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

ውሸት አልነበረባትም። የአንዷን የሞት ደቂቃ ሳይቀር ይዛለች፤ የሌላዋን የልደት ቀን አይታው አታውቅም። ቀስ በቀስ ወደ ቅጹ አቀረቀረ።

ቀኑ ላልታወቀ ሰው መመሪያው መልስ አለው። ዓመቱ ይጻፍና የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ይሞላል። ደንቡ የወጣው በየደጃፉ ተጥለው ለሚገኙ ሕፃናት ነው፤ እናታቸው ማን እንደሆነች ለማይታወቅ። ሐና በገዛ እጇ እንዲህ ያሉ ልጆችን በመቶ የሚቆጠሩ መዝግባለች፤ በመዘገበች ቀን ሁሉ ምሳ አይወርድላትም ነበር። ቀስ በቀስም ይህን ያውቃል።

«እትዬ» አለ፣ «ለሌላ ቀን ብናደርገው? ምናልባት ቤት ሲደርሱ ትዝ ይላቸው ይሆናል።»

«ጻፈው» አለች ሐና።

«ምን ብዬ?»

«እንደምንጽፈው።»

ጻፈው። በሕይወቱ እንደዚያ ቶሎ ጽፎ አያውቅም። እናት ፈረመች፣ ሐና የወረቀቱን ጠርዝ ይዛ አደረቀችው።

«ተገኘ እንዴ ቀኗ?» አለች እናት፣ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየች።

«ተገኘ እማዬ።»

«መቼ ሆነ?»

«የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን።»

የእናቷ ፊት በራ። «ወይ ጉድ» አለች። «እንዲህ ያለ ቀን እንዴት ይረሳል?»

«ሐዘን ላይ ነበርሽ እማዬ» አለች ሐና፤ ልታስነሳትም በክንዷ ደገፈቻት።